ሸክላ በሸክላ ላይ፤ ስለ አንድ የቅልቅል ሙዚቃ ሥራ የሰሚዎች ፍርድ



ዘፈን የሰማ ሰው ሁሉ ዳኛ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ግጥሙ ፍሬ የለውም፤ ከበሮው ይበዛል እያለ ማንም ሳይሾመው ይፈርዳል፤ መብቱም ነው። ዳሩ ግን በሽፋኑ ላይ ስሙ የታተመው ሰው አንዲት ቃል ያልዘፈነ፣ አንዲት ክር ያልነካ፣ አንዲት ዜማ ያልደረሰ ሲሆን፣ ሥራውም የሌሎችን ሰዎች ሸክላ እየቈረጡ ማገጣጠም ብቻ ሲሆን፣ ሰሚው የሚፈርደው በምኑ ላይ ነው? በዛሬው ንግግራችን የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ሥራ በምሳሌነት እንይዛለን። እርሱም በ2002 በቤልጂየም የወጣው፣ አርእስቱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «በሬድዮ ሶልዋክስ እንደ ተሰማው፤ ክፍል 2» የሚል ትርጕም ያለው የቅልቅል ሙዚቃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሥራውን ያቀረቡት ስቴፈንና ዴቪድ ደዋለ የሚባሉ፣ ጌንት ከምትባለው ከተማ የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው በቤልጂየም ሬድዮ የታወቀ ሙዚቃ አሰሚ ስለ ነበር፣ ሸክላ መርጦ ለሕዝብ የማሰማቱ ሙያ ለቤታቸው እንግዳ አልነበረም። ሶልዋክስ የሚባል የራሳቸው የሙዚቃ ጓድም አላቸው። ስለዚህ «መጫወት ስለማይችሉ ነው የሰው ሥራ የሚቈርጡት» የሚለው ነቀፋ እነርሱን አይነካም። ሸክላ ሲያቀላቅሉ የሚጠሩበት ስም ቱ ማኒ ዲጄስ ነው፤ ትርጕሙም «ከልክ ያለፉ ዲጄዎች በዙ» እንደ ማለት ነው። በሙያቸው ላይ ራሳቸው ማሾፋቸው ነው። ቅልቅላቸውም በመጀመሪያ የተሰማው ስቱዲዮ ብረስል በተባለው የሬድዮ ጣቢያ ላይ ነበር። ክፍል 2 የተባለው ይህ ሥራ በሕጋዊ መንገድ ታትሞ ለገበያ ሲቀርብ፣ የቀሩት ክፍሎች ግን ፈቃድ ሳይጠየቅባቸው ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወሩ ነበር።

ስለ ሰሚዎቹ ፍርድ ከመናገራችን አስቀድሞ የሥራው ዘዴ ይታወቅ። ዲጄ የሚባለው ሰው በጠረጴዛው ላይ ሁለት የሸክላ ማጫወቻዎች፣ በመካከላቸውም አንድ የድምፅ ማቀላቀያ ያኖራል። አንደኛው ሸክላ ለሕዝቡ ሲሰማ ሁለተኛውን በጆሮ ማዳመጫ ለብቻው ይሰማል። የሁለቱ ዘፈኖች ምት እኩል ካልሄደ፣ ቅልቅሉ ሁለት ሰልፈኞች በየራሳቸው ርምጃ እየረገጡ በአንድ ረድፍ እንደሚሄዱ ያለ ይሆናል። እንግዲህ አንደኛው ዘፈን በደቂቃ 120 ጊዜ፣ ሌላው 126 ጊዜ የሚመታ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ሸክላ ከመቶ 5 እጅ ማፍጠን ያስፈልጋል። በዲጄዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት እንደ መለኪያ የታየው ቴክኒክስ የተባለው የጃፓን ማጫወቻ፣ ፍጥነቱን ከመቶ 8 እጅ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ መንሸራተቻ አለው። ነገር ግን ሸክላ ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይቀጥናል፤ ከመቶ 6 እጅ ያህል ያፈጠኑት እንደ ሆነ ዜማው በሙሉ በግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ምቱ ሲታረቅ ቅኝቱ ሊጣላ ይችላል። አንዱ ክራሩን በትዝታ፣ ጓደኛውም መሰንቆውን በአንቺሆዬ ቃኝተው በአንድነት ቢጫወቱ በጆሮ ላይ የሚደርሰውን ጭንቅ አስቡት።

በኮምፒዩተር ዘመን ፍጥነትንና የድምፅን ከፍታ ለየብቻ መለወጥ ስለ ተቻለ ይህ ችግር ቀሏል። ሁለት ዘፈኖች በምትና በቅኝት መስማማታቸውን ዛሬ መሣሪያ ሊናገር ይችላል፤ አብረው ሲሰሙ አንዳች አዲስ ነገር መናገራቸውን የሚያውቀው ግን ሰው ነው።

ሙያው የተወለደው በኒው ዮርክ ድሆች ሰፈር ነው። በነሐሴ ወር 1973 ኩል ሄርክ የተባለ የጃማይካ ተወላጅ ወጣት፣ በብሮንክስ ባለ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ እኅቱ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ ሸክላ ሲያሰማ፣ ሰዎች አብልጠው የሚጨፍሩት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርበት አጭር ጊዜ መሆኑን ያስተውል ነበር። ስለዚህ የአንዱን ዘፈን ሁለት ቅጂዎች በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ ያችን አጭር ጊዜ እያመላለሰ አስረዘማት። በ1981 ደግሞ ግራንድማስተር ፍላሽ የተባለው ዲጄ በሦስት ማጫወቻዎች የሌሎችን ዘፈኖች ብቻ አቀናጅቶ 7 ደቂቃ ያህል የሚሄድ ሸክላ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ሰዎች አዲስ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ። «ይህን ማን ዘፈነው?» ማለቱ ቀርቶ «ይህን ማን መረጠው?» አሉ።

አሁን ወደ ደዋለ ወንድማማቾች ሥራ እንመለስ። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን በውስጡ ከ40 የሚበልጡ ዘፈኖች ያልፋሉ። መክፈቻው ብቻውን ትምህርት ነው። ፒተር ጋን የሚባለውን ዜማ ሄንሪ ማንቺኒ በ1958 ለአንድ የቴሌቪዥን የግል መርማሪ ታሪክ ደረሰው። ኤመርሰን፣ ሌክና ፓልመር የተባሉት እንግሊዛውያን በ1970ዎቹ በመድረክ ላይ ተጫወቱት። ወንድማማቾቹ ደግሞ ይህን የመድረክ ቅጂ ወስደው፣ ቤዝመንት ጃክስ የተባሉት የለንደን ሰዎች በ2001 ካወጡት የዳንስ ዘፈን ጋር ገጠሙት። ያም የዳንስ ዘፈን ቢሆን ከመሬት የበቀለ አይደለም፤ ጋሪ ኑማን ከ20 ዓመት በፊት ከሠራቸው ሙዚቃዎች ተቀንጭቦ የተሠራ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ አራት ትውልድ ያህል ሰው እርስ በርሱ ሳይተዋወቅ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ይጫወታል ማለት ነው። የቅልቅል ሙዚቃ የሌብነት ሥራ ነው የሚሉ ሁሉ የትኛውን ሰንሰለት ከየት ጀምረው እንደሚበጥሱት ማየት ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያም ስቱጅስ የተባሉት የሚቺጋን ወጣቶች በ1969 የተጫወቱት ሻካራ ጊታር ይመጣል፤ የዘፈኑ አርእስት «ደስታ የለም» ማለት ነው። በዚህ ጊታር ላይ ሳልት ኤን ፔፓ የተባሉት የኒው ዮርክ ሴቶች በ1987 የዘፈኑት የጭፈራ ዘፈን ተጭኖ ይሰማል። (ስማቸው ጨውና ቍንዶ በርበሬ ማለት ነው፤ ለዚህ ማዕድ መቼም የሚስማማ ስም ነው።) የወንዶቹ ጊታር ኵርፊያ ያለበት፣ የሴቶቹ ድምፅ ግን የተዝናናና ኵሩ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሲሆን ኵርፊያው ወደ ጨዋታ ይለወጣል፤ ጨዋታውም ጥርስ ያበቅላል። ሁለቱን ዘፈኖች ለየብቻ መቶ ጊዜ ብትሰሙ ይህን አታገኙትም።

ሥራው በወጣበት ዓመት ብዙ ምስጋና አግኝቷል፤ ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ከዓመቱ ምርጥ ሥራዎች መካከል አስቀምጦታል። የሰሚዎች አስተያየት ግን እስከ ዛሬ አንድ አልሆነም። ይህን ዓይነት ሥራ የሚሰሙ ሰዎች የሚሉትን ያዳመጠ፣ ሁሉም ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ እየመሰላቸው ስለ ልዩ ልዩ ነገር እንደሚናገሩ ይረዳል።

አንደኛው ወገን «ዘፈኑን አያስጨርሱም» ይላል። አንድ ሰዓት ለ40 ዘፈን ሲካፈል ለያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። አንዱን ወድዶ ሊቀመጥ ሲል ሌላው ይመጣበታል፤ እንግዳው እጁን ሰድዶ ገና ሁለት ጊዜ ሳይጐርስ መሶቡ እንደሚነሣበት ያለ ነው። ይህ ቅሬታ እውነትነት አለው። ዳሩ ግን ቅሬታው ስለ ዘፈኖቹ እንጂ ስለ ቅልቅሉ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ሊሰማ ይፈልጋል፤ ይህም የሚከለክለው የለም።

ሁለተኛው ወገን «ቀልድ ነው» ይላል። ዴስቲኒስ ቻይልድ የተባሉት የሂዩስተን ልጃገረዶች ራሳቸውን ስለ ቻሉ ሴቶች የዘፈኑትን ዘፈን፣ ቴን ሲሲ የተባሉት እንግሊዛውያን በ1978 ካወጡት የሬጌ ምት ጋር አጣምሮ ማሰማት በመጀመሪያ ያስቃል፤ በሁለተኛው ጊዜ ፈገግ ያሰኛል፤ በሦስተኛው ሰው ሻዩን ማማሰል ይጀምራል። እኔም በዚህ ነጥብ ከነቃፊዎቹ ጋር ነኝ። በሥራው ውስጥ ካሉት ግጥሚያዎች አንዳንዶቹ «እነዚህ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ብሎ ማን አሰበ!» ከማሰኘት አያልፉም፤ መገረም ደግሞ እንደ ትኵስ እንጀራ ነው፤ ማደር አይችልም። የስቱጅስና የሳልት ኤን ፔፓ ግጥሚያ ግን ቀልድነቱ ካለቀ በኋላም የሚሰማ ነገር አለው፤ የሁለቱን ግጥሚያዎች ልዩነት ለይቶ መናገር የሚችል ሰሚ የዚህ ሥራ እውነተኛ ዳኛ ነው።

ሦስተኛው አስተያየት ከእነዚህ ይልቅ አሳስቦኛል። ዘፈኖቹን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰውና ጨርሶ የማያውቅ ሰው አንድ ሥራ አይሰሙም። የሚያውቀው፣ በመንገድ ላይ የቆየ ወዳጁን እንዳገኘ ሰው፣ በያንዳንዱ ማጠፊያ ላይ «ይህስ ያ ነው!» እያለ ይደሰታል፤ ደስታው ከማስታወስ የሚመጣ ነው። የማያውቀው ግን አንድ ረጅም፣ ጠባዩ የሚለዋወጥ ሙዚቃ ይሰማል፤ ምናልባትም ሥራውን እንደ ሥራ አጥርቶ የሚሰማው እርሱ ይሆናል። ስለዚህ «ይህን ሥራ ለመውደድ ብዙ ሸክላ መስማት ያስፈልጋል» የሚሉት፣ ዕውቀታቸው የሰጣቸውን ደስታ ከሥራው ያገኙት ይመስላቸዋል።

ሁለት ዘፈን በአንድ ጊዜ ማሰማትን ከቅኔያችን ሰምና ወርቅ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። ንጽጽሩ ያማረ ቢመስልም አያስኬድም። ባለ ቅኔው ሰሙንም ወርቁንም የሚያወጣው ከአንድ ቃል፣ ከአንድ ልቡና ነው። እዚህ ግን ሁለቱ ዘፋኞች እርስ በርሳቸው አልተገናኙም፤ አንዱ ለሌላው ወርቅ እንዲሆን አላሰበም። ያገናኛቸው ሦስተኛ ሰው ነው። የምንፈርደውም በዚህ በሦስተኛው ሰው ላይ ነው።

በዚህ ላይ በተለይ ለመሥሪያ ቤት ሰው የሚነገር አንድ ምሳሌ አለ። ዶሊ ፓርተን የተባለችው የቴነሲ ዘፋኝ በ1980 ስለ ቢሮ ሠራተኞች ኑሮ ለተሠራ ፊልም አንድ ዘፈን ደረሰች፤ አርእስቱም ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ማታው 11 ሰዓት የሚዘልቀውን የአሜሪካ የሥራ ቀን የሚያመለክት ነው። ዘፈኑን ስትደርስ ረጃጅም ጥፍሮቿን እርስ በርስ እያፋጨች የጽሕፈት መኪና ድምፅ ታስመስል እንደ ነበር በሰፊው ይነገርላታል። የዘፈኑም አሳብ ቢሮ የዋለ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ሠራተኛው ይደክማል፣ ያስባል፣ ያሳስባል፤ ድካሙን የሚያውቅለት ግን የለም። አለቃው አሳቡን ወስዶ የራሱ ያደርገዋል።

የደዋለ ወንድማማቾች ይህን ዘፈን ሮይክሶፕ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሰዎች በ2001 ካወጡት፣ «ፖም» የሚል አርእስት ካለው የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ጋር ገጠሙት። ዘፈኑ በመጀመሪያው አለባበሱ ሲሰማ ፈጣንና ብርቱ ነው፤ ጧት ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ በችኰላ ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው ይመስላል። ከኖርዌዩ ሙዚቃ ጋር ሲሆን ግን ጭር ያለ፣ እንደ ልጅ መጫወቻ የሚንጫረር ድምፅ ከበበው፤ ያች ሠራተኛም ከሥራ ወጥታ በአውቶቡስ መስኮት ወደ ውጭ እያየች የምትሄድ መሰለች። ቃሉ አልተለወጠም፤ ዜማው አልተለወጠም፤ ሰዓቱ ተለወጠ። መምረጥና ማጣመር ሥራ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ዳሩ ግን ይኸው ዘፈን ራሱ ጥያቄውን መልሶ በእኛ ላይ ያዞራል። የሌላውን ድካምና አሳብ ወስዶ ስሙን ሳይጠራ መጠቀም የሚወቀስ ከሆነ፣ ዲጄውስ ከዚያ አለቃ በምን ይለያል?

መልሱ በደብዳቤ ነው የሚገኘው፤ እዚህ ላይ የመዝገብ ቤት ሰዎች ጆሯችሁን አቅኑ። ወንድማማቾቹ ሥራውን በሕግ ለማሳተም በወሰኑ ጊዜ፣ ሊጠቀሙባቸው ላሰቧቸው ዘፈኖች ሁሉ ከየባለቤቱ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። እነርሱ እንደ ገለጹት ፈቃድ የተጠየቀባቸው ዘፈኖች 187 ነበሩ። ለዚህም 865 የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤና 160 ፋክስ ተልኳል፤ የስልኩ ጥሪ ግን በመቶ የሚቈጠር ነው። ከ187ቱ መካከል 114 ተፈቀዱ፤ 62 ተከለከሉ፤ የ11ዱ ባለቤቶች ግን የት እንዳሉ ሳይታወቅ ቀረ። አንድ ሰዓት የሚሄድ የጭፈራ ሙዚቃ ከበስተኋላው ይህን ያህል ፋይል ተሸክሞ መሄዱን የሚያስብ ጨፋሪ ጥቂት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1991 ቢዝ ማርኪ የተባለ የኒው ዮርክ ዘፋኝ ጊልበርት ኦሱሊቫን ከዘፈነው ዘፈን ላይ ቀንጭቦ ያለ ፈቃድ በመጠቀሙ በተከሰሰ ጊዜ፣ ዳኛው የፍርዱን ጽሑፍ የጀመሩት «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ነበር። ከዚያ ፍርድ በኋላ በአሜሪካ አሳታሚዎች ዘንድ ከሌላ ሸክላ የተቀነጨበች ጥቂት ድምፅ እንኳ ፈቃድ የሚያስፈልጋት ሆነች።

በዚህም ላይ የሰሚዎቹ አስተያየት ይለያያል። «ያለ ፈቃድ ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወሩት ክፍሎች ይበልጣሉ፤ ፈቃድ ሥራውን ገደለው» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ 62 ዘፈን የተከለከለበት ሥራ፣ ሠሪው በልቡ ያሰበው ሥራ ሊሆን አይችልም። አንድ መንደር ለመሥራት አስቦ ከሦስቱ ቦታ አንዱን እንደ ተከለከለ ሰው፣ በቀረው ላይ ቤቶቹን ማጠጋጋት ግድ ሆኖበታል። ነገር ግን የተከለከለ ሰው ሌላ መፈለጉ አይቀርም፤ ፍለጋውም አንዳንድ ጊዜ ካሰበው ይልቅ የተሻለ ነገር ላይ ይጥለዋል። ይልቁንም እኔ የፈቃዱን ደብዳቤ ከሥራው ውጭ አድርጌ አልቈጥረውም። 865 ደብዳቤ የላከ ሰው የመረጠውን ዘፈን ምን ያህል እንደሚፈልገው አሳይቷል፤ ያለ ፈቃድ የሚቈርጠው ግን ለምርጫው የከፈለው ምንም የለም። ከዚህ የተነሣ የሁለቱ ምርጫ በእኔ ሚዛን እኩል ክብደት የለውም።

እስካሁን የተናገርነው የቤልጂየምና የአሜሪካ ነገር ስለ ሆነ፣ «ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ዳሩ ግን የእኛም ሸክላዎች በእነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ ከወጡ ቈይተዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ያወጣቸው እትሞች የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የአዲስ አበባ ሙዚቃ በውጭ አገር ሰዎች ጆሮ አደረሱ። በ2009 ሙላቱ አስታጥቄ በሎስ አንጀለስ ላቀረበው ኮንሰርት መክፈቻ እንዲሆን፣ ከት ኬሚስት የተባለው የዚያው ከተማ ዲጄ፣ የአፍሪካ ሸክላዎችን ከሌሎች ጋር እያቀናጀ በአንድ ማጫወቻ፣ በአንድ ማቀላቀያና ድምፅ በሚደጋግም አንድ የእግር መርገጫ ብቻ ቅልቅል አዘጋጀ፤ ቅልቅሉም በ2010 ታትሞ ወጣ። በዚያው ዓመት ናስና ዴሚያን ማርሌይ የተባሉት ዘፋኞች የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ለዘፈናቸው መሠረት አደረጉት።

እንዲህ ያለውን ሥራ ኢትዮጵያዊ ሲሰማ ከላይ የተናገርነው የሰሚዎች ልዩነት በገዛ ጆሮው ይደርስበታል። የሎስ አንጀለሱ ጨፋሪ አንድ ያልተለመደ፣ የሚያምር ነፋ ነፋ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያልፋልም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ግን ዜማውን ከመጀመሪያው ምት ያውቀዋል፤ ዘፈኑ ሊቀጥል ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ከአፉ ላይ ሊወጣ የደረሰው ቃል ሳይወጣ ዲጄው ወደ ሌላ ሸክላ ይሻገራል። «አያስጨርሱም» የሚለውን ቅሬታ ስለ ስቱጅስ ሲሆን በፈገግታ ያለፈው ሰው፣ ስለ ራሱ ዘፈን ሲሆን አይስቅም።

ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው። የዚያን ዘመን ዕውቅ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ባልደረቦች፣ ማለት በደመወዝ የሚያድሩ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፍነዋል። በትንሿ ሸክላ መካከል በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም ይታተማል፤ ከኋላው የነፋው፣ የመታው፣ የጻፈው ሁሉ ግን ብዙ ጊዜ ቦታ አላገኘም።

ሕጋችን ለእነዚህ ሰዎች ምን ያደርጋል? በእኛ አቈጣጠር በ1996 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ሁለት ነገር ለይቷል። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የድምፅ ቅጂውን ያሳተመው ሰው መብት ግን በሸክላው ዕድሜ የሚቈጠር ሆኖ 50 ዓመት ነው። አማኃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም መጀመሩን ካስታወስን፣ በዚህ ስሌት የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች 50 ዓመት በ2019 ሞልቷል፤ የሌሎቹም ዓመት በዓመት እየተከተለ ሞልቷል። ስለዚህ በሸክላው ላይ ያለው የአሳታሚው መብት ጊዜውን ሲጨርስ፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲ ወይም ወራሾቹ ገና የሚጠየቁ ባለቤቶች ናቸው።

እንግዲህ አንድ ዲጄ እንደ ደዋለ ወንድማማቾች ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሥቶ፣ ከእነዚህ ሸክላዎች አንዱን አንሥቶ ወረቀቱን ቢያነብ፣ ስሙ የታተመውን ሰው ምናልባት ያገኘው ይሆናል። ስሙ ያልታተመው ደራሲ ግን ከፈቀዱት 114ም፣ ከከለከሉት 62ም ወገን አይደለም፤ የሚቈጠረው አድራሻቸው ከጠፋው ከ11ዱ ጋር ነው።